ስለ ፎቶግራፍ ወዳጆች ማኅበርና ስለ ውድድራቸው

አማተር የሚባለው ቃል መሠረቱ የላቲን ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው ወዳጅ፥ አፍቃሪ ማለት ነው። ከላቲን ወደ ፈረንሳይ፥ ከፈረንሳይም ወደ ሌሎቹ የኤውሮፓ ቋንቋዎች ገብቶ፥ አንድን ሥራ ለእንጀራው ሳይሆን ስለ ወደደው ብቻ የሚሠራውን ሰው መጥሪያ ሆነ። በኋላ ዘመን ግን ሰዎች ይህን ስም ለማቃለል ይናገሩበት ጀመር፤ «እሱ አማተር ነው» ያሉ እንደ ሆነ ሥራውን በቅጡ አያውቅም ማለታቸው ነው። ከፍቅር የተወለደ ቃል እንዲህ ወደ ንቀት መውረዱ ያሳዝናል። የፎቶግራፍ ጥበብ ታሪክ ግን ለዚህ ቃል የቀድሞ ክብሩን ይመልስለታል፤ ይህን ጥበብ ከሕፃንነቱ አንሥተው ካሳደጉት ሰዎች ብዙዎቹ እንጀራቸው በሌላ ሥራ የሆነ፥ እርሱን ግን የወደዱት ናቸውና።

ነገር ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ልብን የሚያጠያይቅ አንድ ነገር ይገኛል። ወዳጅ ስለ ፍቅሩ ዋጋ አይጠይቅም። እነዚህ ወዳጆች ግን ማኅበር አቁመው፥ ደንብ ጽፈው፥ ዳኛ ሰይመው፥ ሜዳይ አስቀርጸው እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ ነበር። ስለ ምን እንዲህ አደረጉ? ውድድሩስ ጥበቡን አሳደገው ወይስ አሰረው? አንባቢ ይህን ነገር እንዲመረምር የእነዚህን ማኅበሮች ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረን፥ በተለይም በኒውዮርክ ከተማ የሆነውን በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተቈጠሩት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም የተገለጸው በ1839 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር ብልኃት በፓሪስ ተነገረ፤ ይኸውም በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንዲት ሥዕል ብቻ የሚያወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ደግሞ ካሎታይፕ የተባለውን የወረቀት ሥራ አግኝቶ፥ ያለ ፈቃዱ ማንም እንዳይሠራበት በ1841 ዓ.ም. የመብት ወረቀት አወጣበት። የታልቦት ብልኃት ከአንድ ኔጋቲቭ፥ ማለት ጥቁሩ ነጭ ነጩም ጥቁር ሆኖ ከሚታይበት ወረቀት፥ ብዙ ሥዕል ለማተም የሚያስችል ስለ ነበረ ለኋለኛው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በዚህ ብልኃት ለመሥራት የፈለገ ሰው ለባለ መብቱ ገንዘብ መክፈል ነበረበት።

ይህ የመብት ወረቀት በስኮትላንድ አይጸናም ነበር። ስለዚህ በኤዲንብራ ከተማ ጥቂት ወዳጆች፥ አብዛኞቹም የሕግ ሰዎች የነበሩ፥ ታልቦት ብልኃቱን ከገለጠ በኋላ ብዙ ሳይቈይ እየተሰበሰቡ ያለ ክፍያ ይሠሩበት ጀመር። አንዱ የሠራውን ለሌላው ያሳያል፤ የተበላሸበትም ስለ ምን እንደ ተበላሸ ይጠይቃል። ይህ ስብሰባ የኤዲንብራ ካሎታይፕ ክበብ ተባለ፤ ከዓለም የፎቶግራፍ ማኅበሮች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ማኅበርተኞቹ ሥዕላቸውን የለጠፉባቸው አልበሞች እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ከተማ በቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ክበብ የተወለደው የዕውቀት በር ክፍት ሆኖ በተገኘበት ስፍራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህም በኋላ የጥበቡን በር ከሁሉ ይልቅ የከፈተው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር የሚባል እንግሊዛዊ ቀራጺ ነው። እርሱ በ1851 ዓ.ም. በመስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባለውን ፈሳሽ እየቀቡ ፎቶግራፍ ማንሣትን በጋዜጣ ጽፎ ለማንም ሰው ገለጠ፤ የመብት ወረቀትም አላወጣበትም። በዚህ ብልኃት የወጣው ሥዕል እንደ ዳጌር ሥዕል የጠራ፥ እንደ ታልቦት ሥራም ብዙ ጊዜ የሚታተም ሆነ። ሌሎች በእርሱ ብልኃት ባለጸጎች ሲሆኑ አርቸር ግን በ1857 ዓ.ም. በድኅነት ሞተ። በኋላ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጡ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ለልጆቹ በዓመት 50 ፓውንድ ጡረታ ቈረጠላቸው። ሰውየው ለዓለም ከሰጠው ጋር ሲመዛዘን ይህ እጅግ ጥቂት ነው።

የማኅበሮቹም ቍጥር ከዚህ ወዲያ በዛ። በ1851 ዓ.ም. በፓሪስ አንድ ማኅበር ቆመ። በሎንዶን በ1852 ዓ.ም. መጨረሻ ታላቅ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ሕዝቡ ከተመለከተ በኋላ በጥር ወር 1853 ዓ.ም. የሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር ተመሠረተ። ሠዓሊው ሰር ቻርልስ ኢስትሌክ ፕሬዚዳንት፥ ሮጀር ፌንተንም ጸሐፊ ሆኑ፤ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርትም የማኅበሩ ጠባቂዎች ለመሆን ፈቀዱ። ይህ ማኅበር በ1894 ዓ.ም. «ንጉሣዊ» የሚለውን ስም አግኝቶ እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ይገኛል። ደግሞም በ1855 ዓ.ም. ሥዕል የመለዋወጥ ክበብ ተቋቁሞ፥ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ የሠራውን ሥዕል ለባልንጀሮቹ እየላከ፥ የእነርሱን ይቀበል ነበር።

አንድ ሰው በቤቱ ብቻውን ሆኖ ፎቶግራፍ ማንሣት ሲቻለው ወደ ማኅበር ለመሄድ ያስፈለገው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱ በቅኔ ቤት ለኖረ ሰው ግልጥ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ነገር ግን ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ፥ ጓደኞቹ እየሰሙ ይነግራል። የጐደለው ይታረምለታል፤ ያማረ እንደ ሆነም ይመሰገንለታል። ለራሱ ብቻ እየቈጠረ ለራሱ ብቻ የሚነግር ተማሪ ግን የገዛ ጆሮው ያታልለዋል። ዓይንም እንደ ጆሮ ነው። የገዛ ልጁን መልክ የሚነቅፍ አባት እንደሌለ፥ የገዛ ሥዕሉን ነውር አጥርቶ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

በአርቸር ብልኃት መሥራት ግን ትዕግሥትም ገንዘብም የሚጠይቅ ነበር። መስታወቱ ተቀብቶ፥ በብር መድኃኒት ተነክሮ፥ ሥዕሉም ተነሥቶ፥ ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት፤ ለዚህም ሁሉ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ሰውየው ወደ ገጠር በወጣ ጊዜ ድንኳኑንና መድኃኒቱን ሁሉ አስጭኖ ይሄድ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም መድኃኒቱ በጄላቲን ተቀላቅሎ በመስታወት ላይ የሚደርቅበትን መንገድ አገኘ፤ እርሱም እንደ አርቸር ያለ ዋጋ ለሁሉ ገለጠው። ሌሎች ብልኃቱን ካሻሻሉት በኋላ የተዘጋጀ ደረቅ መስታወት ከሱቅ እየተገዛ፥ በፈቀዱት ቀን ሥዕል አንሥቶ በሌላ ቀን ማጠብ ተቻለ። ስለዚህ ቀን በሥራው የሚውለው ሐኪም፥ ነጋዴ፥ ጠበቃ፥ ቄስና አስተማሪ በዕረፍቱ ቀን ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቃ። በአሜሪካ የቦስተን ወዳጆች በ1881 ዓ.ም.፥ የኒውዮርክም አማተሮች በ1884 ዓ.ም. ማኅበራቸውን አቋቋሙ።

ማኅበርተኞቹ በየጊዜው በሚያዋጡት ገንዘብ ቤት ይከራያሉ። በቤቱም ውስጥ ቀይ ፋኖስና የቧንቧ ውኃ ያለበት ጨለማ ክፍል፥ የመጻሕፍት መደርደሪያ፥ ሥዕል የሚሰቀልበትም አዳራሽ ይኖራል። በአንዱ ማታ ዕውቀት ያለው ሰው ስለ መድኃኒቶች ወይም ስለ ብርሃን ንግግር ያደርጋል፤ በሌላው ማታ አዲስ የመጣ የፎቶግራፍ መኪና ለሁሉ ይታያል። በበጋ ወራት ማኅበርተኞቹ በአንድነት በባቡር ወደ ገጠር ወጥተው ያነሣሉ፤ ሲመለሱም ያንዱን ወንዝና ያንዱን ድልድይ አሥር ሰው እንዴት እንደ ተመለከተው አመሳክረው ያያሉ። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው፤ አንድ ነገር በአሥር ሰው ዓይን አሥር ዓይነት ሆኖ ይገኛልና።

ከሁሉ ይልቅ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ማታ ግን ሥዕል በፋኖስ በግድግዳ ላይ የሚታይበት ማታ ነበር። ሥዕሉ በትንሽ መስታወት ላይ ታትሞ፥ ከበስተኋላው ብርሃን ሲበራበት፥ በነጭ መጋረጃ ላይ ገዝፎ ይታያል። በአሜሪካ የየከተማው ክበቦች ተስማምተው የፋኖስ ሥዕላቸውን በሣጥን እያደረጉ ከከተማ ወደ ከተማ ይላላኩ ስለ ነበር፥ በአንዱ ክበብ የተሠራው በሌላው ይታይ ነበር።

እንዲህ ያለው የመስታወት ሥዕል ግን ከባድና ተሰባሪ ነው። በኒው ጀርሲ አውራጃ በኒውአርክ ከተማ ሐኒባል ጉድዊን የሚባል ቄስ ነበረ፤ ለልጆች መጻሕፍት ቅዱሳትን በፋኖስ ሥዕል ሲያስተምር የመስታወቱ ነገር አስቸገረው። ስለዚህ በቤቱ ብዙ ጊዜ ከመረመረ በኋላ እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ፥ እንደ መስታወትም ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም ከሴሉሎይድ ሠርቶ በ1887 ዓ.ም. የመብት ወረቀት ጠየቀ። ወረቀቱ የተሰጠው በ1898 ዓ.ም.፥ ከ11 ዓመት ክርክር በኋላ ነው፤ እርሱም በ1900 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተ። ከሞተም በኋላ መብቱን የገዙት ሰዎች ኢስትማን ኮዳክን ከሰው ስለ ረቱ፥ በ1914 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተከፈለ። ልጆችን ለማስተማር ሲል አንድ ቄስ በቤቱ የጀመረው ሥራ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ሥራ እንዳላነሰ ይህ ፍርድ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ውድድሩ እንመለስ። በየክበቡ በየዓመቱ ውድድር ይደረግ ነበር። ከ1887 ዓ.ም. እስከ 1894 ዓ.ም. ደግሞ የቦስተን፥ የፊላዴልፊያና የኒውዮርክ ማኅበሮች በአንድነት ሆነው፥ በሦስቱ ከተሞች በየተራ ታላቅ የጋራ ኤግዚቢሽን ያደርጉ ነበር። ለአገር ገጽታ፥ ለሰው መልክ፥ ለሕንፃ፥ ለፋኖስም ሥዕል የተለየ ክፍል ይደረጋል፤ ዳኞች ይመረጣሉ፤ ለአሸናፊውም ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለዳኞች ቀላል የሆነው ሚዛን በዓይን የሚለካው ነበር፤ ይኸውም ሥዕሉ ከጥግ እስከ ጥግ የጠራ ነውን? መስታወቱ ነጥብ ወይም ጭረት የለበትምን? ከጥቁሩ እስከ ነጩ ያለው ቀለም በመጠን ወርዷልን? የሚል ነው።

ይህ ሚዛን ጥቅም ነበረው። ጀማሪው ችኩልነቱን እንዲተው፥ መስታወቱን በንጽሕና እንዲይዝ፥ መድኃኒቱንም በልክ እንዲመዝን አስተምሮታል። ደግሞም ለሁሉ እኩል በሆነ ጊዜ ሚዛን ፍርድን ከአድልዎ ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ብዙ ክበቦች ሴቶችን አይቀበሉም፥ ቢቀበሉም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሽልማት ያደርጉ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአማተሮች መጽሔት አዘጋጆች አንዷ የሆነችው ካትሪን ዊድ ባርንስ ይህን ልማድ ተቃወመች። የሴት ሥራ ከወንድ ሥራ ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘን፤ መልካም ሥራ ማንም ቢሠራው መልካም ነው፤ ክፉም ሥራ እንዲሁ፤ ለሴት ተብሎ የተለየ ሽልማት ማበጀት ማክበር ሳይሆን ማሳነስ ነው የሚል አሳብ ነበራት። ፍርድ የሚወድ ሰው ይህን አሳብ ሊነቅፈው አይችልም።

የሚዛኑ ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። ሚዛን የተለመደውን ነገር ይመዝናል፤ ያልተለመደ ነገር የመጣ እንደ ሆነ ግን የሚያስቀምጥበት የለውም። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ከብዙ ኔጋቲቮች አንዲት ሥዕል እየገጣጠመ፥ ፎቶግራፍ እንደ ሠዓሊ ሥራ መዘጋጀት አለበት ይል ነበር። ሐኪሙ ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ግን በ1889 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ፎቶግራፍ አንሺ ተፈጥሮን ራስዋን ይከተል፤ ዓይንም ሁሉን እኩል አጥርቶ ስለማያይ ሥዕሉ ከጥግ እስከ ጥግ እንዲጠራ ግድ አይሁን ሲል ተከራከረ። ክርክሩ በየማኅበሩ ገባ። በ1892 ዓ.ም. ሮቢንሰንና ሌሎች ከሎንዶኑ ማኅበር አኳኋን ተለይተው አዲስ ወንድማማችነት አቋቋሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ባደረጉት ኤግዚቢሽን ለማንም ሜዳይ አልሰጡም። በእነርሱ አሳብ ሥዕሉ ተመርጦ መሰቀሉ ራሱ በቂ ክብር ነበር።

በዚያው ዘመን የአማተሮቹ ቍጥር ከልክ ያለፈ ሆነ። በ1888 ዓ.ም. ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የሚባለውን ትንሽ መኪና በ25 ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ተጐርሶበት ይመጣል። ሲያልቅ መኪናው እንዳለ ከ10 ዶላር ጋር ወደ ፋብሪካው ይላካል፤ ሥዕሉም ታጥቦና ታትሞ፥ መኪናውም አዲስ ፊልም ጐርሶ ይመለሳል። ባለ መኪናው አዝራር ከመጫን በቀር የሚሠራው የለም። ስለዚህ በክበብ ውስጥ ሌሊቱን በጨለማ ክፍል የሚደክሙ ሰዎች በእጅ የሚያዘውን መኪና ይንቁት ጀመር፤ የእነርሱ መኪና በሦስት እግር ላይ የሚቆም ታላቅ ሣጥን ነበርና። አንድን ነገር የሚጠቀሙበት ሰዎች ቀላሎች ስለ ሆኑ ነገሩም ራሱ ከንቱ ነው ማለት ግን የችኩል ፍርድ ነው። ይህም በኒውዮርክ ተገለጠ።

አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በ1864 ዓ.ም. በሆቦከን ከተማ ተወልዶ፥ በጀርመን አገር በበርሊን የመኪና ሥራ ትምህርት ሊማር ሄደ፤ በዚያም የፎቶግራፍ ፍቅር ያዘው። በ1887 ዓ.ም. አንድ የሎንዶን የአማተሮች ጋዜጣ ባደረገው ውድድር፥ በጣልያን አገር በቤላጆ የሚሥቁ ልጆችን ያነሣበትን ሥዕል ሰደደ። ዳኛው ያው ኤመርሰን ነበር፤ የመጀመሪያውንም ሽልማት ለዚህ ላልታወቀ ተማሪ ሰጠው። በሩቅ አገር ያለ፥ ስሙን ማንም የማያውቀው ወጣት ሥራው ብቻውን ሄዶ ስለ እርሱ እንዲመሰክርለት ያደረገው ውድድር ነው። የውድድር በጎነት ይህን ያህል ነው።

ስቲግሊትዝ በ1890 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ከዚያው ከአማተሮች ማኅበር ገባ። የካቲት 22 ቀን 1893 ዓ.ም. በከተማው ላይ ብርቱ የበረዶ ዓውሎ ወረደ። እርሱም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መኪና ይዞ ወደ አምስተኛው ጐዳና ወጣ፤ ከመንገዱም ዳር በብርድ 3 ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ በፈረሶች የሚጐተት የሕዝብ ሠረገላ በረዶውን እየሰነጠቀ ወደ እርሱ ሲመጣ፥ ነጂውም በነፋሱ ላይ ጅራፉን ሲያነሣ አየና ሥዕሉን አነሣ።

መስታወቱን ወደ ማኅበሩ ቤት ወስዶ ካጠበው በኋላ ገና እርጥብ ሳለ ለማኅበርተኞቹ አሳየ። እነርሱም ሣቁ፤ የደበዘዘና ያልጠራ ነውና ጣለው አሉት። እርሱ ግን አልጣለውም። ከመስታወቱ ሁሉ የሚሻለውን ክፍል ብቻ መርጦ፥ ሌላውን ቈርጦ አተመው፤ ያተመውንም በኋላ ባሳየ ጊዜ እነዚያው ሰዎች አመሰገኑት። ይህን ታሪክ የነገረን ስቲግሊትዝ ራሱ ስለ ሆነ፥ ተራኪ በገዛ ነገሩ ላይ ጥቂት ቅመም እንደማያጣ አውቆ መስማት ይገባል። ሥዕሏ ግን ራሷ ምስክር ናት። በረዶው ዓይንን ሲጋርድ፥ ፈረሶቹም ከዓውሎው ሲወጡ የሚታየው በዚያው በድብዛዜው ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ የጠራች ብትሆን ኖሮ ዓውሎ የሌለባት የመንገድ ሥዕል ትሆን ነበር። «ክረምት፥ አምስተኛው ጐዳና» የምትባለው ይህች ሥዕል ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥዕል ቤት ትገኛለች።

እንግዲህ ስሕተቱ የማን ነበር? የሣቁት ሰዎች ደንቈሮዎች አልነበሩም። ሚዛናቸው ትክክለኛ፥ ዓይናቸውም የሠለጠነ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ ምን ለማለት እንደ ተነሣ ሳይጠይቁ ነውሩን ቈጠሩ። ከዚህም ጋር አንድ ነገር አንርሳ። ስቲግሊትዝ መስታወቱን ያጠበው በማኅበሩ ቤት ነው፤ በሣቃቸውም እልክ ይዞት እንደ ገና መረመረው። በ1897 ዓ.ም. ስለ እጅ መኪና በጻፈው ጽሑፍ፥ ሰው አስቀድሞ ቦታውንና ብርሃኑን መርጦ፥ የመኪናውንም መሥመር አስተካክሎ፥ ከዚያ በኋላ በትዕግሥት ይጠብቅ ብሎ መክሯል። ይህ ምክር ከአዝራር መጫን የራቀ፥ ለክበቡ ትምህርት ግን የቀረበ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተምራል። በ1896 ዓ.ም. የአማተሮቹ ማኅበርና ሌላው የኒውዮርክ ክበብ ሁለቱም ሰው እያነሳቸው ገንዘብም እያለቀባቸው ስለ መጡ ተዋሕደው አንድ የካሜራ ክበብ ሆኑ። በዚያ ጊዜ ብስክሌት መንዳት የከተማው ሰው ሁሉ ወግ ስለ ነበር፥ ክበቡን የብስክሌት ክበብ እናድርገው ያሉም እንደ ነበሩ ይነገራል። ስቲግሊትዝ ክበቡን ከዚህ ለማዳን ደከመ፤ በ1897 ዓ.ም. የክበቡን መጽሔት አቋቁሞ አዘጋጅ ሆነ፤ መጽሔቱም በኅትመቱ ማማር በኤውሮፓ ሳይቀር ተመሰገነ።

ነገር ግን አሁን ዳኛው እርሱ ሆነ። በመጽሔቱ የሚወጣውን ሥዕል የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ከክበቡም ውጭ ያሉ ሰዎች ሥራ ሲወጣ የገዛ ማኅበርተኞቹ ሥራ ይቀር ነበር። ብዙዎቹ መዋጮውን የምንከፍለው እኛ ነን፤ መጽሔቱ ግን ለእኛ አይደለም ብለው አጕረመረሙ። ትናንት ሥዕሉ የተሣቀባት ሰው ዛሬ ለሌሎች ሥዕል የማይራራ ዳኛ ሆኖ ታያቸው። ጠቡ ስለ ጸና በ1902 ዓ.ም. አዘጋጅነቱን ተወ፤ በዚያውም ዓመት ከመሰሎቹ ጋር የተለየ ማኅበር አቁሞ፥ ከ1903 ዓ.ም. እስከ 1917 ዓ.ም. የቆየውን «ካሜራ ዎርክ» የተባለውን ታላቅ መጽሔት ጀመረ። በ1908 ዓ.ም. የካሜራ ክበቡ ስቲግሊትዝን ከማኅበርተኝነት አስወጣው፤ እርሱም በዳኝነት ስለ ጠየቀ ተመለሰ፥ ከተመለሰም በኋላ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ።

በዚህ ክርክር ማን እውነት እንደ ነበረው በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። ስቲግሊትዝ ጥበብ በድምፅ ብልጫ አይመረጥም ማለቱ እውነት ነው። ማኅበርተኞቹም ማኅበር ለምርጦች ብቻ ሳይሆን ገና ለሚማረው ሰው ጭምር የቆመ ነው ማለታቸው እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ ቤት ውስጥ መኖር ሲያቅታቸው ቤቱ ተከፈለ። የጀማሪውን እጅ የሚይዝ ሰው ከሌለ ማኅበር ይደርቃል፤ ለታላቅ ሥራ ቦታ የማይለቅ ማኅበር ደግሞ የመዋጮ መሰብሰቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የፎቶግራፍ መኪና ዋጋ እየረከሰ ሄዶ በ1900 ዓ.ም. ብራውኒ የሚባለው መኪና በ1 ዶላር ተሸጠ። በዘመናችንም እያንዳንዱ ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ ያነሣል፤ ጨለማው ክፍልና መድኃኒቱ ለጥቂቶች ብቻ ቀርቷል። ይህም ሁሉ ሆኖ የፎቶግራፍ ወዳጆች ማኅበር አልጠፋም፤ ያ የኒውዮርክ ክበብ ራሱ እስከ ዛሬ አለ። መኪናው የሚጐድለውን ሁሉ አሟልቶ ቢሰጥም አንድ ነገር አይሰጥምና፤ ይኸውም በእውነት የሚመለከት የሌላ ሰው ዓይን ነው። ሥዕልን በአንድ ቅጽበት አይቶ ማመስገንና ማለፍ ቀላል ነው፤ ከፊቷ ቆሞ ይህ ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ባልንጀራ ግን ብርቅ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ወዳጅ ሜዳይ ባያስፈልገውም ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ፍቅር ብቻውን ዕውር ነውና። ዳኛውም ራሱ ወዳጅ መሆን ያስፈልገዋል፤ ሚዛን ብቻውን ልብ የለውምና። አርቸርና ማዶክስ ዕውቀታቸውን ያለ ዋጋ ባይለግሱ፥ ማኅበሮቹም ተሰብስበው ባይተራረሙ፥ ይህ ጥበብ የጥቂት ባለ መብቶች ንግድ ሆኖ በቀረ ነበር። በማናቸውም ውድድር ለዳኝነት የተቀመጠ ሰው፥ በፎቶግራፍም ቢሆን በቅኔም ቢሆን በሌላም ሥራ፥ እንግዳ ነገር ባየ ጊዜ ከመሣቁ በፊት ሁለተኛ ይመልከት። የተነቀፈበትም ሰው ሥራውን በቍጣ አይጣለው፤ ወደ ቤቱ ይዞት ገብቶ፥ ከነቀፋው ውስጥ እውነቱን ለይቶ፥ የሚቈረጠውን ቈርጦ እንደ ገና ያትመው።